ክሬኑን ያውጡት

የንግግር ክበባችን የሚሰበሰበው በአንድ የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ክፍል ውስጥ ነው። አዲስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚስቀው በዚህ ነው። ተናጋሪው ቆሞ ስለ ተስፋ ሲያወራ ከጭንቅላቱ በላይ «መቅደም ክልክል ነው» የሚል ምልክት ተሰቅሏል፤ በስተቀኙ የሚያንሸራትት መንገድ ምልክት አለ፤ በስተግራው ደግሞ ለሁለት የተሰነጠቀ ሞተር ሆድ ዕቃውን ዘርግፎ ይታያል። እኛ ለምደነዋል። እንዲያውም ክፍሉ ያለውን ሁሉ ሥራ አስገብተነዋል። ጥግ ላይ የቆመው የማስተማሪያ የትራፊክ መብራት የተናጋሪው ሰዓት ነው፤ አረንጓዴ ሲሆን ይቀጥላል፣ ቢጫ ሲሆን ይጠቀልላል፣ ቀይ ሲበራ ወሬው የትም ይድረስ የት ይቆማል። ጣውላ ላይ የተቸነከረው የአሮጌ መኪና ክላክስ ደግሞ «እእእ»፣ «ማለቴ ነው»፣ «እንግዲህ» እያለ ጊዜ ለሚገድል ሰው የተዘጋጀ ነው። ክላክሱ አንዴ የጮኸበት ሰው ያንን ቃል እቤቱ ሲደግመው እንኳ ይደነግጣል።

የማሠልጠኛው ባለቤትና የክበባችን ሰብሳቢ ጋሽ ፍሬን ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከተማሪ ጎን ተቀምጠው «ፍሬን ያዝ፣ ፍሬን ያዝ» ሲሉ ስለኖሩ ግን ይኸው ስም ተጣብቆባቸው ቀረ። ዛሬም ሰው ሲናገር የፈጠነ ከመሰላቸው ቀኝ እግራቸው ሳያውቁት ወለሉን ይጫናል። ክበቡን ሲያቋቁሙ ያወጡት አንድ ሕግ አለ፤ ንግግር ሁሉ ሁለት ጊዜ ይደረጋል። መጀመሪያ ይነገራል፣ የተመደበለት ገምጋሚ ይገመግመዋል። በሳምንቱ ያው ንግግር ታርሞ ይመጣል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ካልተሻለ የሚወቀሰው ተናጋሪው ሳይሆን ገምጋሚው ነው።

ሕጉን ሲያስረዱ፣ «ተማሪዬ አጥር ቢገጭ ትራፊኩ የሚይዘው ማንን ይመስላችኋል?» ይላሉ።

እኔ ገምጋሚ ነኝ። መቀስ ይሉኛል። ስሙ ከሥራዬም ከምላሴም ነው የመጣው። ቀን ቀን አክስቴ ላውንደሪ ውስጥ ልብስ እተኩሳለሁ፣ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ቀሚስ አጠባለሁ። ትምህርት ቤት እኔ ሳልተወው ነው እሱ የተወኝ። ከዚያ ወዲህ ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት ካውያው እስኪግል በማነባት መጽሐፍና እየተኮስኩ በምሰማት ሬዲዮ ነው። ሬዲዮ ላይ ትልቅ ሰው ሲናገር እኔ ከካውያው ማዶ ሆኜ አርመዋለሁ፤ «ይኼን ደገምከው፤ ይኼ ውሸት ነው፤ እዚህ ጋ ማቆም ነበረብህ» እላለሁ። ክበቡ ውስጥ የገባሁ ዕለት ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ተነስተው ሲናገሩ ሰማሁና፣ ከዚያ ሁሉ ሰው ቆርጦ መጣል የሚያውቅ እኔ ብቻ እንደሆንኩ ወዲያው ገባኝ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ? እኔ ሁለቱንም እችልበታለሁ።

ሰው እኔ ስገመግም ይስቃል። ወንበሩን ወደፊት እየጎተተ ነው የሚሰማኝ። ነገሩ ግን አንድ እንከን ነበረው። እኔ የገመገምኩት ሰው ለሁለተኛው ንግግር ተመልሶ አይመጣም።

ይህን ያነሱብኝ ጋሽ ፍሬን ናቸው። የከተማው ክበቦች ሁሉ የሚገናኙበት የግምገማ ውድድር እየቀረበ ነበር። በትልቁ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ አንድ የማይታወቅ ሰው ንግግር ያደርጋል፤ ከየክበቡ የተላከ አንድ አንድ ገምጋሚ ተራ በተራ መድረክ እየወጣ ይገመግመዋል። ማንም የትምህርት ማስረጃህን አሳየኝ አይልም። ስለዚያ መድረክ ሳስብ ልብስ ያሳረርኩባቸው ቀናት አሉ። ጋሽ ፍሬን ታዲያ ወንበር እየሰበሰብን ሳለ ጠጋ ብለው፣ አንቺ የገመገምሻቸው ሰዎች የት ገቡ፣ መንገድ ላይ ገደል አለ እንዴ ብለው ጠየቁኝ። እውነት የማይሸከም ሰው ቢቀር አይቆጨኝም አልኳቸው። እሳቸውም ወደ ሽሮፑ በአገጫቸው አመለከቱኝ።

ሽሮፑ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ነው፣ እሱም ገምጋሚ ነው። ምንም ብትናገር «በጣም ጥሩ ነበር» ይልሃል። ሰው ረስቶ ንግግሩን አቋርጦ ቢወርድ እንኳ «አወራረድህ ደስ ይላል» የሚል ሰው ነው። የገመገማቸው ሁሉ ይመለሳሉ፤ የሚመለሱት ግን እንደሄዱ ሆነው ነው።

«ቀጥሎ የሚመጣው እንግዳ ያንቺ ነው» አሉ ጋሽ ፍሬን። «ለሁለተኛው ከተመለሰና ከተሻለ ውድድሩ ላይ አንቺ ትቆሚያለሽ። ካልሆነ ሽሮፑን እልካለሁ።»

በሳምንቱ የመጣው እንግዳ በር ላይ ጎንበስ ብሎ የገባ ረጅም ሽማግሌ ነበር። ትከሻቸው ሰፊ፣ እጃቸው የአካፋ ያህል፣ ዓይናቸው ግን ሁልጊዜ ወደ ወለሉ ነው። ጡረታ እስኪወጡ ክሬን ነጂ እንደነበሩ ነገሩን። ከዚያ የመጡበትን ጉዳይ እንደ መርዶ ቀስ አድርገው አወጡት። ሴት ልጃቸው ልታገባ ነው። ከእናቷ ጋር የተለያዩት ልጅቷ ገና አፏን ሳትፈታ ነው፤ ያሳደጋት የእንጀራ አባቷ ነው። አሁን ልጅቷ ራሷ ደጃቸው ድረስ መጥታ፣ በሠርጌ ቀን እሱ ከተናገረ በኋላ አንተም ተነስተህ ትንሽ ተናገርልኝ ብላቸዋለች።

«ክሬን ላይ የሚያናግረኝ ሰው አልነበረም» አሉ። «አሁን ብሳሳት የማዋርደው እሷን ነው። ያሳደጋትንም ሰውዬ ነው።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነና ጀመሩ። የጀመሩት ከክሬኑ ነው። መሰላሉ እንዴት እንደሚወጣ፣ ነፋስ ሲነሳ የነጂው ጎጆ እንዴት እንደምትወዛወዝ፣ ብረቱ ጠዋት ጠዋት እንዴት እጅ እንደሚቆርጥ አወሩ። በየመሃሉ «እንግዲህ» ይላሉ፤ ክላክሱ ይጮኻል፤ እሳቸው በየጩኸቱ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ፤ ቤቱ ይስቃል። ስለ ሙሽራዋ አንድም ቃል የለም። ቢጫ በራ። «ከዚያ ላይ ሁሉም ይታያል» አሉ ወለሉን እያዩ፣ «እንግዲህ ትምህርት ቤቱም…» ክላክሱ ጮኸ፣ ቀዩ በራ፣ ቆሙ።

ተነሳሁ። ያልኩትን ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፣ ምክንያቱም ስናገረው ጣፍጦኝ ነበር።

«የሙሽራ አባት ስንጠብቅ ክሬን መጣልን» አልኩ። «ልጅዎ የምታገባው ክሬን ከሆነ ጥሩ፤ ሰው ከሆነ ግን ክሬኑን ያውጡት። ሠርግ ላይ ቁጭ ብሎ ስለ ብረት የሚሰማ የለም።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ቀጠልኩ። «እንግዲህ»ን ይተዉት። ወለሉ ላይ የወደቀ ነገር የለም፣ ቀና ይበሉ። እጅዎን ያሳርፉት። ስለ ልጅዎ ትንሽ፣ ስለ ባሏ ትንሽ፣ ከዚያ ምርቃት፣ ከዚያ ወንበርዎ። እሳቸው በየቃሉ ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ አንድ አንድ ጣት ያጥፉ ነበር። ስጨርስ ጣቶቻቸው ሁሉ ታጥፈው ጡጫ ሆነዋል። ጡጫቸውን እንደያዙ «ገባኝ» ብለው ተቀመጡ።

ሽሮፑ ሲወጣ በሹክሹክታ ሰውየው አይመለሱም አለኝ። የሚያስቀው ነገር፣ እንዲህ ሲለኝ ድምፁ ላይ ኀዘን እንጂ ደስታ አልነበረም።

ያን ሳምንት ካውያ አልተመቸኝም። አክስቴ ነገር ማውጣጣት አይታክታትም፣ ምን ሆነሽ ነው የሰው ሸሚዝ እንዲህ የምትገርፊው አለችኝ። ነገርኳት፤ ክሬኑ ጋ ስደርስ እሷም ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። አንድ ደንበኛ መጋረጃው ኋላ ሱሪ እየለካ ነበር፤ እሷ አፏ ውስጥ ስፒል እንደያዘች ነው የመለሰችልኝ።

«የሰው ሱሪ ስትቆርጪ መጀመሪያ ታለብሺዋለሽ፣ በስፒል ትይዥዋለሽ፣ እስቲ ራመድ ትይዋለሽ» አለች። «ንግግር ሲሆን ምነው ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ ትሸረክቺዋለሽ?»

ሱሪና ንግግር አንድ አይደሉም አልኳት። አይደሉም አለች፤ ሱሪ ቢበላሽ ሌላ ይገዛል። ደንበኛው ከመጋረጃው ኋላ ሆኖ ሳቀ። አክስቴ እንዲህ ናት፤ ያለ ሰሚ አትሰድብም።

ሽማግሌው ግን ተመለሱ። ያውም ቀድመውኝ፤ ስደርስ ከትራፊክ መብራቱ አጠገብ ቆመው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ከራሳቸው ጋር ያወራሉ። ጋሽ ፍሬን ዓይናቸውን ጠቀሱኝ፣ ሽሮፑ ከልቡ «እንኳን ደስ አለሽ» አለኝ። አዳራሹ፣ መድረኩ፣ ማይክራፎኑ፣ ሁሉም ታየኝ።

አረንጓዴ በራና ተናገሩ። ቀና ብለው ነው የተናገሩት፤ ዓይናቸውን ከግራ ወደ መሃል፣ ከመሃል ወደ ቀኝ እንደ አየር ማራገቢያ አዞሩት። እጃቸው ሱሪያቸው ጎን ላይ እንደተሰፋ ነው። «እንግዲህ» የለም። ክሬን የለም። ልጄ መልካም ልጅ ናት። ታታሪ ናት። ባሏም ጨዋ ሰው ነው። ቤታችሁ የሰላም ይሁን፣ ተባረኩ። ቢጫው ሲበራ ጨረሱና ተቀመጡ። የጋሽ ፍሬን እግር አንዴም ወለሉን አልነካም። ክላክሱ ዱዳ ሆኖ ዋለ። ሰው ቆሞ አጨበጨበ።

እኔ አላጨበጨብኩም፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ። የሰማሁት የራሴን ንግግር ነበር። እንደኔ አጭር፣ እንደኔ ደረቅ፣ መጨረሻው ላይ እንኳ እኔ እንደማደርገው አገጫቸውን ቀና አድርገውታል። ያንን ንግግር የትኛውም አባት ለየትኛዋም ልጅ ሊያደርገው ይችላል፤ ለጎረቤት ልጅ ቢሉትም ያው ነው። ሙሽራዋ ደጃቸው ድረስ የመጣችው ይህንን ፍለጋ አልነበረም። እሳቸው ግን ፊታቸው ላይ እፎይታ ነበር፤ ሸክሙን አስቀምጥ የተባለበት ቦታ አስቀምጦ የተገላገለ ሰው እፎይታ።

በሕጋችን ስለ ሁለተኛው ንግግር መጀመሪያ የሚፈርደው ገምጋሚው ራሱ ነው። ጋሽ ፍሬን «መቀስ፣ ተሻለ ወይስ አልተሻለም?» አሉ። ለይምሰል ነበር የጠየቁት፤ በእጃቸው ለውድድሩ የሚላከውን ስም የሚጽፉበትን እስክሪብቶ ይዘዋል። አንዲት «ተሻለ» ብቻ ነበረች የምትፈለገው። ማንም አይከራከርም። ሽማግሌውም ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። በሠርጉ ቀን ግን ተነስተው ያንን ይላሉ፣ ሰው በጨዋነት ያጨበጭባል፣ ልጅቷ ፈገግ ትላለች፣ ያበቃል። ሌላ ቀን የላቸውም። ሠርግ ሁለተኛ ሳምንት የለውም።

«አልተሻለም» አልኩ።

ጋሽ ፍሬን ያልሰሙኝ መስሏቸው ጆሯቸውን አዘነበሉ። ሽሮፑ ለእኔ ሊከራከር ተነሳ፤ እንዴት አልተሻለም፣ ክላክሱ እንኳ አንዴ አልጮኸም አለ።

«የሚጮኽበት ሰው ስላልነበረ ነው» አልኩት። «ባለፈው ሳምንት እዚያ የቆመ ሰው ነበር። ዛሬ የቆምኩት እኔ ነኝ።»

ጋሽ ፍሬን ሕጉን እንደማውቀው ጠየቁኝ፤ አውቀዋለሁ አልኩ። እንግዲያው የሚሄደው ሽሮፑ ነው አሉና እስክሪብቶውን ኪሳቸው ከተቱት። ክላክሱ የሚጮኸው ለ«እንግዲህ» ነው እንጂ ለ«እንግዲያው» አይደለም፤ ቢጮኽም ግን የሚስቅ አልነበረም። ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው ያዩኛል፤ ያ ሁሉ እፎይታ ከፊታቸው ላይ እንደ ውኃ ወርዷል።

«ያልሽኝን ሁሉ አደረግሁ እኮ፣ ልጄ» አሉ።

ለምን ሁሉንም አደረጉት አልኳቸው። ለምን አንዱን እንኳ እምቢ አላሉኝም? ጥያቄው ራሱ አስገረማቸው። በክሬን ሥራ፣ አሉኝ፣ ከታች ቆሞ በእጁ የሚያመለክት ምልክት ሰጪ አለ። ክሬን ነጂው የሚሸከመውን አያይም፣ የሚያየው ያንን እጅ ብቻ ነው። አውጣ ካለው ያወጣል፣ አውርድ ካለው ያወርዳል። ለምን ብሎ የጠየቀ ዕለት ከታች ያለ ሰው ይሞታል። «አንቺ አውጣው አልሽኝ፤ አወጣሁት» አሉ። እኔ እንግዲህ ዕድሜ ልኬን ሰው ምክሬን አልሰማ ይለኛል እያልኩ ስማረር የኖርኩ ሰው ነኝ። የሰማኝ የመጀመሪያው ሰው ይኸው እንዲህ አደረገኝ። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል።

ጋሽ ፍሬን እዚህ ክፍል ውስጥ ሦስተኛ ንግግር የሚባል ነገር የለም አሉ። ከዚያ ከመሳቢያቸው የመኪና ቁልፍ አውጥተው ወረወሩልኝ። «ውጭ ላይ ግን ሕግ የለኝም።»

የማሠልጠኛው መኪና ግቢው ውስጥ ቆማለች፤ ጣሪያዋ ላይ «ተማሪ» የሚል ሰሌዳ አለባት። ሁለት ፍሬን ነው ያላት፤ አንዱ ለተማሪው፣ አንዱ ጎኑ ለሚቀመጠው አሠልጣኝ። ሽማግሌው እግራቸው እንዲመቻቸው መሪው ኋላ ተቀመጡ፤ እኔ በጋሽ ፍሬን ቦታ ገባሁ። ከእግሬ ሥር ፍሬኑ አለ። የክበቡ ሰዎች በመስኮት የማያዩን መስለው ያዩናል። ያን ቀን ሰው ስገመግም መጀመሪያ ያደረግሁት መጠየቅ ነው።

«ክሬኑን ለምን ነበር ያስገቡት?»

መሪውን በሁለት እጃቸው ያዙትና ወደ ታች፣ ወደ ፔዳሎቹ አዩ። ከዚያ እንደገና ከመሰላሉ ጀመሩ። እንግዲህ አሉ፤ እግሬ ፍሬኑን ረገጠው። እንግዲህ አሉ፤ ረገጥኩት። ሞተሩ ባይነሳም መኪናዋ ከኋላ ቀይ መብራት ታበራ ኖሯል፤ ጋሽ ፍሬን በመስኮት ብቅ ብለው በጣታቸው የኋላውን መብራት አሳዩኝና ራሳቸውን ነቀነቁ። አፈርኩ። ጫማዬን አውልቄ እግሬን ወንበሩ ላይ አጣጥፌ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ የሚረግጥ አልነበረም።

ልጅቷ አንደኛ ክፍል ስትገባ እሳቸው አንድ አዲስ ሕንጻ ላይ ተመደቡ። አልመረጡትም፣ ዕጣ ነው። ከክሬኑ ጎጆ ላይ ሆነው ቁልቁል ሲያዩ ከሥራቸው ያለው የእሷ ትምህርት ቤት ግቢ ነው። ከእናቷ ጋር የልጅቷን ልብ ላለማወዛገብ ተስማምተው ርቀው ነበር፤ ከዚያ ላይ ግን በቢጫ ሹራቧ ይለዩዋታል። ትምህርት ሲያልቅ አንድ ሰውዬ ይመጣል። ቦርሳዋን ተቀብሎ በራሱ ትከሻ ላይ ያንጠለጥላል። መንገድ ሲሄዱ እሷን በግንቡ በኩል፣ ራሱን በመኪናው በኩል ያደርጋል።

«መጀመሪያ ጠላሁት» አሉ። «ከላይ ሆነሽ ሰው መጥላት ቀላል ነው፤ ጉንዳን ነው የሚያክለው። አንድ ቀን ዝናብ መጣ። ሥራ ቆሞ እኔ እዚያው ላይ ቀረሁ። ኮቱን አወለቀና በእሷ ላይ እንደ ድንኳን ዘረጋው። እሱ በሸሚዝ ብቻ፣ ቀስ እያለ፣ በትንሿ ልጅ እርምጃ ሄደ። አልሮጠም፣ ልጄ። ሰው ዝናብ ላይ ይሮጣል፤ እሱ እሷን ላለማስሮጥ ብሎ በሰበሰ።»

ሕንጻው እያደገ ሲሄድ እነሱ እያነሱ ሄዱ፣ እሳቸው ግን ማየት አልተዉም። ሕንጻው አልቆ ክሬኑ ሲፈታ አልቅሰው ወረዱ፤ ግን ልጃቸው ጥሩ እጅ ላይ እንዳለች አውቀው ነው የወረዱት። ይህን ለማንም ነግረው አያውቁም። እሷ ትንሽ ነበረች፣ አታስታውስም። ሰውየውም ስለ ራሱ የሚያወራ ዓይነት አይደለም።

«ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ» አሉ።

ክሬኑን ያውጡት ያልኩበት አፌን በእጄ ሸፈንኩት። የአፍ ወለምታ መታሻ የለውም ይላሉ፤ ግን ሠርጉ ገና ነበር።

ይህን ይናገሩ አልኳቸው። «እንግዲህ» ቢያመልጠኝስ አሉ። ያምልጥ አልኩ። ወለሉን ባይስ? ከላይ ሆነው ነው ያዩት፣ ታዲያ ወዴት ሊያዩ ነው? ክሬኑስ? ክሬኑ ይመለስ አልኩ። ሳቁ፤ ጥርሳቸውን ያየሁት ያኔ ነው። ከዚያ ግን ፈሩ። ያን ያህል ሰው ፊት ብቻዬን ከቆምኩ ዓይኔ ይጠፋል፣ ከታች የሚያመለክተኝ ሰው ያስፈልገኛል አሉ። እዚያው መኪና ውስጥ የእጅ ምልክት አስተማሩኝ። ጠቋሚ ጣትን ወደ ታች አድርጎ ማዞር አውርድ ነው። ሌላውን መዳፍ ከዚያ ላይ ሳያነቃንቁ መያዝ ደግሞ ቀስ ብለህ ማለት ነው። ጣቴን አሥሬ አስተካከሉልኝ። ተማሪ መሆን እንዲህ እንደሚያላብ ረስቼው ነበር።

የሠርጉ አዳራሽ ነጭ ጨርቅ የለበሱ ክብ ጠረጴዛዎች የሞሉት ነበር። ሽማግሌው የለበሱትን ሙሉ ልብስ እጅጌ ያሳጠርኩት እኔ ነኝ፤ አልብሼ፣ በስፒል ይዤ፣ እስቲ እጅዎን ያንሱ ብዬ። አክስቴ አይታኝ ምንም አላለችም፤ ይህ ከሷ ትልቅ ነገር ነው። ከጋሽ ፍሬን ጋር ገብተን በሩ አጠገብ ከኋላ ቆምን።

መጀመሪያ የተናገረው የእንጀራ አባቷ ነው። አጠር ያለ፣ ራሰ በራ፣ ወረቀት በእጁ የያዘ ሰው ነው። እንግዶቹን አመሰገነ፣ ለሙሽሮቹ ጥሩ ጥሩ ነገር ተመኘ፣ ስለ ራሱ አንዲት ቃል ሳይናገር ተቀመጠ። ከዚያ ሽማግሌው ተነሱ። ከመሰላሉ ጀመሩ። እንግዲህ አሉ፤ የጋሽ ፍሬን እጅ በልማድ ክላክስ ፍለጋ አየር ላይ ተንከላወሰ። ነፋሱን አወሩ፣ ብረቱን አወሩ። ሹካ ይንኳኳል። ከፊታችን ያለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ጎረምሳ ጎንበስ ብሎ፣ ሰውየው ክሬን ሊሸጡልን ነው እንዴ አለና ጎረቤቶቹን አሳቀ። ጆሮዬ ጋለ። የኔ ቀልድ ነበር፣ በሌላ ሰው አፍ።

እሳቸውም ሳቁን ሰምተዋል። «ከዚያ ላይ ሁሉም ይታያል» አሉ፣ «እንግዲህ ትምህርት ቤቱ…» ብለው ቆሙ። ያው ቦታ ላይ፣ ያን ቀን ቀይ መብራት የጠለፋቸው ቦታ ላይ ነው የቆሙት። ማይክራፎኑ ውስጥ ትንፋሻቸው ይሰማል። ሙሽራዋ የጠረጴዛውን ጨርቅ ጨብጣለች። ዓይናቸው አዳራሹን ዞረና በሩ ጋ፣ እኔ ላይ ደረሰ።

እጄን አነሳሁ። ጠቋሚ ጣቴን ወደ ታች አድርጌ አዞርኩ፤ ሌላውን መዳፌን ከላዩ ላይ ያዝኩ። ቀስ ብለው ያውርዱት።

አወረዱት። ትምህርት ቤቱ ይታይ ነበር አሉ። ቢጫ ሹራብ ይታይ ነበር። ቦርሳዋን በራሱ ትከሻ የሚይዝ ሰው ነበር፤ በመኪናው በኩል የሚሄድ ሰው ነበር። ሹካዎቹ አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ አረፉ። ዝናቡ ጋ ሲደርሱ ያ ጎረምሳ ወንበሩን ወደፊት ጎተተ። እሳቸው ወለሉን እያዩ፣ በዚያ በአካፋ እጃቸው አየር ላይ ኮት ዘረጉ፤ የዚያ አዳራሽ ሰው ሁሉ ከኮቱ ሥር ትንሽ ልጅ አየ። ሙሽራዋ እሳቸውን አልነበረም የምታየው። ፊቷን ያዞረችው ጎኗ ወደተቀመጠው፣ ወረቀቱን አጥፎ አጥፎ የሸሚዝ ቁልፍ ወዳሳከለው ራሰ በራ ሰውዬ ነው።

«እኔ ላይ ነበርኩ፣ እሱ ጎኗ ነበር» ብለው ጨረሱ። «ልጄን ዛሬ የሚድራት እሱ ነው። እኔ የመጣሁት ለምስክርነት ነው።»

ጭብጨባው ቶሎ አልመጣም፤ ሰው መጀመሪያ አፍንጫውን መጥረግ ነበረበት። የእንጀራ አባቷ ተነሳ። ሄዶ ሽማግሌውን ክንዳቸውን ይዞ ወደ ራሳቸው ጠረጴዛ አመጣቸው፣ ከሌላ ቦታ ወንበር ጎትቶ ከሙሽራዋ በሌላኛው ጎን አስቀመጣቸው። ልጅቷ አሁን ከግራም ከቀኝም አባት ነበራት፤ በየትኛው ትከሻ ላይ እንደምታለቅስ መምረጥ አቃታት።

«ክላክሱ ቢኖር ባትሪው ያልቅ ነበር» አሉ ጋሽ ፍሬን በሹክሹክታ። ከዚያ ዓይናቸውን ከሙሽራዋ ጠረጴዛ ሳያነሱ፣ «ተሻለ ወይስ አልተሻለም?» ብለው ጠየቁኝ።

ተሻለ አልኩ። ውድድሩ ግን የሽሮፑ ነው አሉ። የሽሮፑ ነው አልኩ። ከተማው ፊት «አወራረድህ ደስ ይላል» እንዳይል ሳምንቱን ሙሉ ላውንደሪው ድረስ እየመጣ አሠለጥነዋለሁ፤ ለክፉ ነገር አፉ እንዳይፈታ ሆኖ ተሰፍቷል፣ ግን መጠየቅ ይችላል። ከኔ የተሻለ ይጠይቃል። የሚቀጥለው ውድድር ደግሞ አለ፣ እኔም የትም አልሄድ።

ልንወጣ ስንል ሽማግሌው ከማዶ አዩኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ራስ ላይ ረጅም ክንዳቸውን አነሱና በእጃቸው አንድ ምልክት ሠሩ። አውርድ አይደለም፤ ቀስ ብለህም አይደለም። ጋሽ ፍሬን ምን ማለት ነው አሉኝ።

በፊት ቢሆን አንድ ነገር እላቸው ነበር፤ ያውም ደፍሬ፣ ያውም የሚያስቅ።

«አላውቀውም» አልኩ። «ሰኞ ልብሳቸውን ሊያሳጥቡ ይመጣሉ፣ እጠይቃቸዋለሁ።»